የማሽላ አገዳ፣ የእግር አገዳ

ጣርማ በርን አልፎ፣ የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ጨርሶ ሸዋ ሮቢት የሚገባ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ብርድ ተነሥቶ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ሙቀት ይወርዳል። ደብረ ብርሃን ላይ ነፍስ ያዳነ ጋቢ እዚህ ሲደርስ ትርፍ ዕቃ ይሆናል። ወቅቱ የማሽላ እሸት ወቅት ከሆነ ደግሞ ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚቀበሉት ጥንቅሽ የታቀፉ ልጆች ናቸው። (ጥንቅሽን ለማታውቁ የከተማ ልጆች፦ አገዳው የሚጣፍጥ የማሽላ ዓይነት ነው። እንደ ሸንኮራ እየተላጠ ይመጠጣል። ከንፈር ይቆርጣል፤ ግን ማንም አይተወውም።)

ጥንቅሽ የሚመጥ ልጅ ሳያውቀው የባዮሎጂ ሰው ነው። ቅርፊቱ ለጥርስ እንደሚያስቸግር፣ መሐሉ ግን ለስላሳና ውሃ ያዘለ እንደሆነ ያውቃል። አንጓው ላይ ሲደርስ ዘሎት ማለፍ እንዳለበት፣ ጣፋጩ ያለው በአንጓና በአንጓ መካከል እንደሆነ ያውቃል። ይኸው ልጅ በማግስቱ ክፍል ገብቶ ስለ ዕፅዋትና እንስሳት ድጋፍና እንቅስቃሴ ሲማር ግን ከሰሌዳው ላይ «ስክለረንካይማ» እና «ኤንዶስኬሌተን» የሚሉ ቃላት ይገለብጣል። ለፈተና ይሸመድዳቸዋል፤ ከፈተና በኋላ ይረሳቸዋል። ትናንት በጥርሱ ሲታገለው የዋለው ነገር ስክለረንካይማ የሚባለው እንደሆነ የሚነግረው አያገኝም።

እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን እንነሣ፦ ይፋትን በመሰለ አገር፣ ድጋፍና እንቅስቃሴ በየማሳውና በየገበያው በሚታይበት ቦታ፣ ትምህርቱ እንዴት የባዕድ ነገር ሊሆን ቻለ? መልሱ አንድ መምህር ወይም አንድ መጽሐፍ ላይ የሚያርፍ አይደለም። ታሪክ አለው።

አንድ ቃል ለሁለት ነገር

አማርኛ ለማሽላውም ለእግራችንም «አገዳ» ይላል። የማሽላ አገዳ፣ የእግር አገዳ። ለሸንበቆውም ለእጃችንም «አንጓ» ይላል። የሸንበቆ አንጓ፣ የእጅ አንጓ። ይህን የፈጠረው የሥነ ሕይወት ፕሮፌሰር አይደለም። ሲያርስና ሲያርድ የኖረ ሕዝብ ሁለቱን አይቶ አንድ ስም ሰጣቸው።

ነገሩ የስም መመሳሰል ብቻ አይደለም። ጣሊያናዊው ጋሊሊዮ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የመጨረሻ ትልቅ መጽሐፉ ላይ የወፍ አጥንትንና የእህል አገዳን ጎን ለጎን አስቀምጦ አንድ ጥያቄ ጠይቋል፦ ከራሱ ክብደት የሚበልጥ ዛላ የሚሸከም ቀጭን አገዳ ለምን አይሰበርም? መልሱ ዛሬ እንደሚታወቀው ይህ ነው፦ አንድ በትር ሲጎብጥ ዋናው ጫና የሚያርፈው ጠርዙ ላይ ነው። በአንድ በኩል ይለጠጣል፣ በሌላው በኩል ይጨመቃል፤ መሐሉ ግን ብዙም ሥራ የለበትም። ስለዚህ በተመሳሳይ ክብደት ከተሠሩ ድፍን በትርና ቱቦ ውስጥ ጉብጠትን የበለጠ የሚቋቋመው ቱቦው ነው።

የማሽላን አገዳ በቢላ አግድም ቆርጣችሁ ብታዩ ይኸው አሠራር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ውሃና ምግብ የሚያመላልሱት ጭረቶች በመሐሉ ተበትነው ወደ ጠርዙ ሲጠጉ ይጠቀጠቃሉ። ጠንካራው፣ ሊግኒን በሚባል ነገር የደነደነው ክፍል ከውጭ ነው። ለስላሳው ከውስጥ ነው። አሁን ደግሞ ቅልጥም ያዙ። ውጩ ድንጋይ የመሰለ አጥንት፣ ውስጡ መቅን። አገዳና አገዳ።

ልዩነታቸውም ትምህርት ነው። ማሽላው መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ ከታችኞቹ አንጓዎቹ ተጨማሪ ሥር እያወጣ መሬቱን ይጨብጣል። የእኛ አገዳ መሄድ አለበት፤ ስለዚህ አንጓችን ላይ ጥንድ ጥንድ ጡንቻ ታስሮበታል፤ አንዱ ሲያጥፍ ሌላው ይዘረጋል። ጡንቻ መሳብ እንጂ መግፋት አይችልምና ብቻውን ሊሠራ አይችልም።

«ዕፅዋት መንቀሳቀስ አይችሉም» የሚል ተማሪ ካለ ደግሞ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ያርመዋል። ነፋስና ዝናብ የመታው ጤፍ ሲተኛ ገበሬው «ጋሸበ» ይላል። ገና ያልደረሰ ከሆነ ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ የተኛው አገዳ ጫፉን ቀና ያደርጋል። ቀና የሚያደርገው ደግሞ ከየትም ሳይሆን ከአንጓው ነው። በአንጓው ታችኛ ጎን ያሉ ሴሎች ከላይኞቹ የበለጠ ይረዝማሉ፤ አገዳው ወደ ላይ ይጎብጣል። በእኛም በሣርም እንቅስቃሴ አንጓ ላይ ነው የሚሆነው፤ የእኛ በጡንቻ፣ የሣሩ በእድገት። ቻርለስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ሆኖ በ1880 እ.ኤ.አ. ስለ ዕፅዋት እንቅስቃሴ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሲያሳትም፣ የሣር ቡቃያ ወደ ብርሃን ሲጎብጥ ብርሃኑን «የሚያየው» ጫፉ፣ የሚጎብጠው ግን ከጫፉ በታች ያለው ክፍል መሆኑን ያሳየው በእንዲህ ያለ ተራ ቡቃያ ነው። የጤፍ ቡቃያም ሣር ነው። አንድ ሣጥን፣ አንድ ቀዳዳ፣ ጥቂት ቀን። ሙከራው ይኸው ነው።

ግመል የቆመበት ቦታ

አሁን ወደ እንስሳው እንምጣ፤ ታሪኩም ከዚህ ይጀምራል።

ይፋት የመንገድ አገር ነበር። ከ13ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ እስከ 15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የመራው የይፋት ሱልጣኔት ኃይሉ የተመሠረተው ከደጋው ወደ ዘይላ በሚወስደው የንግድ መስመር ላይ ነበር። ሱልጣኔቱ ካለፈ ከብዙ ዘመን በኋላም መንገዱ አልሞተም። በ19ኛው መቶ ዘመን የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ላይ ተቀምጠው ከባሕር የሚመጣውን ዕቃ የሚቀበሉት በዚሁ በይፋት ቆላ በኩል ነበር።

በ1833 ዓ.ም. ክረምት በካፒቴን ዊልያም ሃሪስ የሚመራ የእንግሊዝ ልዑክ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ በግመል አቋርጦ ሸዋ ደረሰ። ለንጉሡ የመጣው ስጦታና ጓዝ ግመሎቹ ላይ ነበር። ልዑኩ የሸዋ ድንበር የነበረችው ፋሬ ሲደርስ ግን የግመል ጉዞ አበቃ። ከዚያ ወዲያ ያለው ዳገት የግመል አይደለምና ጭነቱ በሰው ትከሻ ተከፋፍሎ ወደ አንኮበር ወጣ።

ለምን? የታሪክ መጽሐፍ «መንገዱ አስቸጋሪ ነበር» ብሎ ያልፈዋል። የባዮሎጂ መምህር ግን እዚህ ጋ ቆም ብሎ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ማስተማር ይችላል። የግመል እግር ሁለት ጣት አለው፤ ከሥሩ ሰፊና ለስላሳ መዳፍ ተነጥፎለታል። ሲረግጥ መዳፉ ይሰፋል፤ ክብደቱ በሰፊ ቦታ ላይ ይከፋፈላል፤ ስለዚህ አሸዋ አይውጠውም። ይኸው ለስላሳ መዳፍ ግን የረጠበ ድንጋይና ጭቃ ላይ ምንም የሚነክስበት ነገር የለውም፤ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ግመል ሲሄድ በአንድ ጎን ያሉትን ሁለት እግሮች አንድ ላይ ያነሣል። ሜዳ ላይ ይህ አረማመድ ረጅሞቹን እግሮች እርስ በርስ እንዳይጋጩ ያግዛል፤ ጠባብና ገደላማ ዳገት ላይ ግን ሚዛን ያሳጣል። የበቅሎ እግር የዚህ ተቃራኒ ነው። በቅሎ የምትቆመው በአንዲት ጣት ጫፍ ላይ ነው፤ ጣቷም በጠንካራ ኮቴ ተሸፍኗል። ድንጋዩን ቆንጥጣ ትይዛለች።

እንግዲህ የሸዋ ድንበር በከፊል የተሰመረው በእግር አሠራር ነው ማለት ነው። አንኮበርን ከባሕር በኩል ከሚመጣ ኃይል ከጠበቋት ነገሮች አንዱ የግመል መዳፍ ልስላሴ ነው። ቆላውና ደጋው የሚገናኙባቸው የይፋት ገበያዎች የቆሙትም ጭነት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እግር በሚሸጋገርበት ቦታ ነው። እንደ አልዩ አምባ ያሉ የአርጎባ ነጋዴዎች ከተሞች የበለጸጉት በዚህ ነው። ሰንበቴ ገበያ ላይ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራውና አርጎባው ግመልና አህያ፣ ፍየልና እህል ይዘው የሚገናኙበት ታሪክም የዚሁ ቅጥያ ነው።

ይህን ታሪክ በ«እንስሳት እንቅስቃሴ» ምዕራፍ ውስጥ የተማረ አለ? እኛ አልተማርንም።

የ1967 ዓ.ም. ባዶ ክፍሎች

ከይፋት ተራሮች የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ነው የሚሄደው። አዋሽ ደግሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየፈሰሰ የሚያልፍበት ምድር ስለ ሰው ልጅ አረማመድ በዓለም ላይ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የተገኘበት ምድር ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ሐዳር በአየር ቢለካ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አራሚስማ ከ100 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው።

በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ዶናልድ ጆሃንሰን የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ተመራማሪ ሐዳር ላይ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የጉልበት መገጣጠሚያ አገኘ። ጉልበት ብቻ። ግን ጉልበት ብዙ ይናገራል። የዝንጀሮ መሰሎቹ የቺምፓንዚዎች የጭን አጥንት ከዳሌ እስከ ጉልበት ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ስለዚህ በሁለት እግራቸው ሲቆሙ እግሮቻቸው ተራርቀው ይቀራሉ፤ ሲራመዱም ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። የሰው ጭን አጥንት ግን ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ስለዚህ በአንድ እግራችን ስንቆም እግሩ ከሰውነታችን መሐል በታች ይውላል፤ አንወድቅም። የሐዳሩ ጉልበት ይህ ዝንባሌ ነበረው። ባለቤቱ ቆሞ ይሄድ ነበር።

በዓመቱ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ድንቅነሽ ተገኘች። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት፣ ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ የተገኘላት። ዳሌዋ አጭርና ሰፊ ነው፤ በአንድ እግር ሲቆም ሰውነትን ደግፈው የሚይዙት የጎን ጡንቻዎች የሚታሰሩበት ዓይነት ዳሌ። ጡንቻዋ ከበሰበሰ ሚሊዮን ዓመታት አልፈውታል፤ አጥንቷ ግን ጡንቻው የት እንደነበረና ምን ይሠራ እንደነበረ ይናገራል።

ቀኑን ልብ በሉት። ኅዳር 15። ባለፈው ሌሊት፣ ኅዳር 14፣ ደርግ 60ዎቹን ባለሥልጣናት የገደለበት ሌሊት ነበር። አዲስ አበባ በሬዲዮ የሰማችውን ማመን ባቃታት ሰዓት አፋር በረሃ ላይ ሁለት ሰዎች አጥንት ይለቅሙ ነበር።

ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 12፣ የዕድገት በኅብረት የእውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀና የዩኒቨርሲቲና የከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ ገጠር ዘመቱ። ቁጥራቸው ወደ 60 ሺህ ይጠጋ ነበር። እንግዲህ አስቡት፦ ስለ ድጋፍና እንቅስቃሴ በዓለም ታዋቂ የሆነው ማስተማሪያ በአገራችን መሬት ላይ ሲገኝ 11ኛና 12ኛ ክፍሎቻችን ባዶ ነበሩ። ሊማሩት የሚገባቸው ልጆች ገበሬ ሊያስተምሩ ሄደዋል። ከእነሱም ስንቱ ወደ ክፍሉ ሳይመለስ በቀይ ሽብር እንዳለቀ የእናቶቻችን ትውልድ ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላም ምድሩ መናገሩን አላቆመም። በ1987 ዓ.ም. አራሚስ ላይ ያኔ ገና ተማሪ የነበረው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ያገኘው የእጅ አጥንት ቁራጭ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ወደሆናት ወደ «አርዲ» አጽም መራ። በጥናቱ እነ ዶክተር ብርሃኔ አስፋው ነበሩበት። አርዲ መሬት ላይ በሁለት እግሯ ትሄዳለች ተብሎ ይታመናል፤ የእግሯ አውራ ጣት ግን እንደ እጅ አውራ ጣት ተነጥሎ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነበር። በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ደግሞ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን ዲኪካ ላይ «ሰላም»ን አገኘ፤ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሆናት የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን። እግሯ የሚራመድ፣ ትከሻዋ ግን ዛፍ መውጣት ያልረሳ።

እነዚህ ሁሉ አከራካሪ ጥያቄዎች ናቸው፤ እስከ ዛሬም ሳይንቲስቶች ይከራከሩባቸዋል። ለተማሪ ከዚህ የተሻለ ምን ስጦታ አለ? «አጥንት አምስት ጥቅም አለው፤ ዘርዝር» ከሚል ጥያቄ ይልቅ «ይህን ትከሻና ይህን ጉልበት አይተህ ባለቤቷ እንዴት ትኖር እንደነበር ንገረኝ» የሚለው ጥያቄ አይበልጥም?

ከውጭ መምህር እስከ ፕላዝማ

ወደ ክፍሉ እንመለስ። በንጉሡ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲስፋፋ መማሪያው እንግሊዝኛ፣ መምህሩም ብዙ ጊዜ የውጭ አገር ሰው ነበር። በመስከረም 1955 ዓ.ም. ብቻ ወደ 280 የሚጠጉ አሜሪካውያን የሰላም ጓድ መምህራን በአንድ ጊዜ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። ሕንዳውያን መምህራንም ነበሩ፤ ብዙ አባቶች እስከ ዛሬ በፍቅር ያነሷቸዋል። እነዚህ ሰዎች ባይመጡ ኖሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ መምህር ባላገኙ ነበር። ግን አንድ የቦምቤይ ወይም የቦስተን ሰው «ጋሸበ» የሚለውን ቃል ሊያውቅ አይችልም። ልጁ ቃሉን ቤቱ ትቶ ወደ ክፍል መግባት ለመደ።

በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ከባድ ሥራ ሠርቷል። ያ ሥራ መደርደሪያ ላይ ቀረ እንጂ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ክፍል አልገባም። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ አደረገ። ስለዚህ የመሸጋገሪያው ግንብ 9ኛ ክፍል ላይ ቆመ።

ከዚያም በ1997 ዓ.ም. ፕላዝማ መጣ። ታላላቆቻችን ሲያወሩት ግማሹ ሳቅ፣ ግማሹ ምሬት ነው። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ለአገሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ የሚተላለፍ ትምህርት ነበር። የክፍሉ መምህር መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ የቀረው የቴሌቪዥኑ ነው። የቴሌቪዥኑ መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያልፋል፤ ማንም ሳይመልስ። መብራት ከሄደ ትምህርቱም ሄደ፤ ማስተላለፊያው ሸዋ ሮቢትን ቆሞ አይጠብቅም።

ለፕላዝማ ፍትሐዊ እንሁን። ጡንቻ ሲኮማተርና ሲላላ በተንቀሳቃሽ ሥዕል ማየት ከደረቅ የሰሌዳ ሥዕል ይሻላል፤ ቤተ ሙከራ ለሌለው ትምህርት ቤት ትንሽ ነገር አልነበረም። ችግሩ ቴሌቪዥኑ መሆኑ አይደለም። ችግሩ መምህሩን ዝም ማሰኘቱ ነው። ማሽላ ሊቆርጥ፣ ዶሮ እግር ሊያመጣ፣ «እናንተ ቤት ይህ ምን ይባላል?» ብሎ ሊጠይቅ የሚችለው ብቸኛ ሰው በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ። እኛ ሁለተኛ ደረጃ ስንደርስ ብዙዎቹ ሣጥኖች አቧራ ለብሰው ነበር፤ የዝምታው ልማድ ግን አልተነሣም።

ውጤቱን በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አየነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው ተማሪ 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። አገር ደነገጠ። ስለ ኩረጃ ብዙ ተባለ፤ ልክ ነው። ግን ኩረጃ ከየት መጣ? ያልገባውን ነገር በማያውቀው ቋንቋ እንዲደግም አሥራ ሁለት ዓመት የሠለጠነ ልጅ ከጎኑ ያለውን ቢገለብጥ ከሰሌዳ ከመገልበጥ በምን ይለያል? ሁለቱም መገልበጥ ነው።

ለይፋት ልጆች ደግሞ ሌላ ሸክም ተጨምሯል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲዘልቅ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት በኋላ ደግሞ ክልሉ እንደገና ወደ ግጭት ሲገባ፣ ብዙ ተማሪዎች ወራት አንዳንዴም ዓመታት ከክፍል ውጭ አሳልፈዋል። ክፍል ሲከፈት ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ለሽምደዳ የምትባክን ጊዜ የለችም።

ታዲያስ?

«ፈተናው በእንግሊዝኛ እስከሆነ ድረስ አገዳና አንጓ ምን ያደርጉለታል?» የሚለን አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኛ እንግሊዝኛው ይውጣ አላልንም። ያልነው ቃሉ ነገሩን ይከተል ነው። አገዳ ቆርጦ ያየ ልጅ ስክለረንካይማ የሚለውን ስም በአንድ ቀን ይይዘዋል፤ የሚሰቅልበት ቦታ አለውና። ያላየው ልጅ ግን ስሙን ባዶ ቦታ ላይ ነው የሚሰቅለው።

አማርኛም ሁሉን ይችላል አላልንም። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያስረውንም «ጅማት» ብለን እንጠራለን፤ አንዳንዴ ነርቩንም ጨምረን። እዚህ ላይ እንግሊዝኛው ይለያል፤ የእኛው ያምታታል። ጥሩ መምህር ይህንንም ያስተምርበታል። አፋርኛውና ኦሮምኛውም በክፍሉ ካሉ የየራሳቸው ቃል አላቸው፤ ልጆቹ ይጠየቁ።

ቤተ ሙከራ የለም? የዶሮ አጥንት ለጥቂት ቀናት አቼቶ ውስጥ ይቀመጥ፤ ማዕድኑ ሟሙቶ እንደ ላስቲክ ይጎብጣል። ሌላውን አጥንት እሳት ውስጥ ይጨምሩት፤ ልስላሴው ተቃጥሎ በእጅ ይፈረፈራል። አጥንት ከሁለት ነገር መሠራቱን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ፕላዝማ የለም። የታረደ ዶሮ እግር ላይ ነጩን ጅማት ይሳቡ፤ ጣቶቹ ይታጠፋሉ። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ይከተፍ፤ ግማሹ ንጹሕ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ጨው በበዛበት ውሃ ውስጥ ይግባ። አንዱ ቀጥ ይላል፣ ሌላው ይልፈሰፈሳል። እንጨት የሌለው ተክል የሚቆመው በሴሎቹ ውስጥ በሞላ ውሃ ኃይል እንደሆነ፣ ማሾው እኩለ ቀን ላይ ለምን ቅጠሉን እንደሚጥል ልጁ ራሱ ይደርስበታል።

ይህ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገጠር ውስጥ እጁ የተሰበረ ልጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻው በሸንበቆ ወይም በቀርከሃ ይጠግነዋል፤ የዕፅ አገዳ የሰውን አገዳ ይደግፋል። ብዙ ጊዜ ይድናል። አንዳንዴ ግን ማሰሪያው ከመጠን በላይ ይጠብቅና ደም መሄጃ ያጣል፤ ጣቶቹ ይጠቁራሉ፤ ልጁ ሆስፒታል ሲደርስ እጁ ከመቆረጥ በቀር ምርጫ አይኖረውም። የአገራችን የአጥንት ሐኪሞች ደጋግመው የጻፉበት ጉዳይ ነው። አጥንት ሕይወት ያለው፣ ደም የሚመገብ አካል መሆኑን በእውነት የተማረ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በዚያ ቤት ቢኖር «አባባ፣ ጣቱ ቀዝቅዟል፣ ማሰሪያው ይላላ» ይላል። «ኤንዶስኬሌተን» የሚለውን ቃል ብቻ የሸመደደው ግን ዝም ብሎ ያያል።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ክፍል ገብቷል፤ መጽሐፍ ይለወጣል፣ ምዕራፍ ይቀያየራል። እኛ የምንጠይቀው ከመጽሐፉ በፊት ያለውን ነገር ነው። የባዮሎጂ መምህር ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አንድ አገዳ ይዛችሁ ግቡ። መምህር ያልሆንነው ደግሞ ታናናሾቻችን ደብተር ይዘው ሲቀመጡ «ምን ሸመደድክ?» ማለቱን ትተን «ምን አየህ?» እንበላቸው።

ጥንቅሹ እንደሆነ በየዓመቱ ይበቅላል።